ምዕራፍ 5፦ አዲሱ ተራ አስከባሪ

ባቱ ላይ ባጃጅ ለመያዝ ስልክ መነካካት አያስፈልግም። ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው አስፋልት ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል፤ ዳሩ ላይ መቆም ይበቃል። ባጃጅ ይጠጋል፣ ሾፌሩ በአፋን ኦሮሞ ወዴት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ተሳፋሪው በአማርኛ ይመልሳል፣ መንገዱ ከገጠመ ከኋላ የተቀመጡት ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቃሉ። በመስመሩ ላይ ስንት እንደሚከፈል የከተማው ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ዋጋ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ» ይባላል፤ ዝርዝሩ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። ከመስመር ወጣ ላለ ቦታ ግን፣ ለምሳሌ ከከተማዋ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ጀልባ መነሻው ድረስ ለመሄድ፣ ጉዞው ኮንትራት ይሆናል። ድርድር የሚጀመረውም ያኔ ነው።

ለለመደው ሰው ይህ ሁሉ ሥርዓት አይመስልም። ሥርዓት ግን ነው፤ ሦስት ጥያቄዎችንም በየቀኑ ይመልሳል። ተሽከርካሪው የት ይገኛል? ስንት ያስከፍላል? የሚያሽከረክረው ሰው ይታመናል? ከፈረስ ጋሪ እስከ ኡበር ድረስ ማንኛውም የከተማ ትራንስፖርት የቆመው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ላይ ነው። ባቱ የመጀመሪያውን በተራ፣ ሁለተኛውን በታሪፍ፣ ሦስተኛውን በትውውቅ ትመልሳለች። የስልክ መተግበሪያዎች ደግሞ ሦስቱንም መልሶች ከሰው እጅ ወስደው ወደ አንድ ኩባንያ ኮምፒውተር ያስገባሉ።

ስለ መተግበሪያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው መካከለኛውን ሰው ያስቀራል ተብሎ ነው። አዲስ አበባ፣ የታንዛኒያዋ ዳሬሰላምና የህንዷ ቤንጋሉሩ ያዩት ሌላ ነገር ነው። ተራ አስከባሪው አልቀረም፤ ተተካ። አዲሱ ተራ አስከባሪ ፈጣን ነው፣ አይሳደብም፣ ሌሊትም አይተኛም። ግን ሕጉን የሚያወጣው ራሱ ነው፣ ድርሻውን የሚቆርጠው ራሱ ነው፣ ሲያባርርም የሚከራከሩት ሰው ፊት ለፊት የለም። ይህ ምዕራፍ የሚያየው ያ ምትክ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ማን እንዳተረፈበት ማንስ እንደከሰረበት፣ እንደ ባቱ ላለ ከተማስ ምን እንደሚያስተምር ነው።

ተራ ምን ይሠራል?

ተራ ማለት ሰልፍ ብቻ አይደለም። አንድ ሾፌር የተመደበበት መስመር አለው፣ በአንድ ማኅበር ሥር ነው፣ ማኅበሩ ደግሞ ከከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገራል። መነሻው ላይ የቆመው ተራ አስከባሪ ማን እንደቀደመ ያውቃል፣ ያለ ተራው የሚጭነውን ይከለክላል፣ ለዚህም ከየሾፌሩ ትንሽ ሳንቲም ይቀበላል። አሠራሩ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዛሬ ሥራ የጀመረውም ዓመታት የሠራውም ሾፌር እኩል ተራ ያገኛሉ። ጉልበተኛ ወይም ምላሰኛ ስለሆነ ብቻ ገበያውን ጠቅልሎ የሚወስድ አይኖርም።

ጉዳቱም እዚያው ነው። ተሳፋሪው ተሽከርካሪው እስኪሞላ ይጠብቃል። ሌላው ሰፈር ላይ ሰው ቆሞ እየጠበቀ፣ እዚህ አምስት ስድስት ባጃጅ ሞተር አጥፍቶ ተሰልፏል። ማን የት እንደሚፈለግ ለተራ አስከባሪው የሚነግረው የለም፤ የሚያየው ዓይኑ የደረሰበትን ብቻ ነው። ወደ ተራው ለመግባት የፈለገ አዲስ ሾፌርም አስቀድሞ ያሉትን ሰዎች ደጅ መጥናት አለበት።

ሞባይል ሲስፋፋ የባቱ ሰው ይህን ክፍተት በራሱ መንገድ ሞላው። ብዙ ቤት ውስጥ ስልክ ላይ ከሾፌሩ ስም ቀጥሎ «ባጃጅ» የሚል ተጽፎ የተመዘገበ ቁጥር አለ። ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት፣ ሽማግሌ አባት ሌሊት ሲያማቸው፣ ሙሽራ ከፀጉር ቤት ስትወጣ የሚደወለው ወደዚያ ነው። «ቶሎ ናልኝ» ይባላል፤ «እሺ እናቴ፣ መጣሁ» የሚል መልስ ይመጣል። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ «ደርሻለሁ» የሚለው ታዋቂው ውሸት ይከተላል፤ ባጃጁ ገና ከተማው ማዶ ነው። ቢሆንም ሰውየው ይታወቃል፣ ቤቱ ይታወቃል፣ ሌሊት ዋጋ ቢጨምር እንኳ ነገ ቀን ይወቀሳል። ሦስተኛው ጥያቄ፣ የእምነት ጥያቄ፣ ትንሽ ከተማ ላይ ርካሽ ነው። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አዲስ አበባ ምን ጎድሏት ነበር?

ሚሊዮኖች የሚኖሩባት አዲስ አበባ ላይ ትውውቅ አይሠራም። ከሥራ አምሽታ የወጣች ሴት መንገድ ዳር የቆመውን ላዳ ስትጠይቅ፣ ሾፌሩ ፊቷን፣ ሰዓቱንና ዝናቡን አይቶ ዋጋ ይጠራል። ማን እንደሆነ አታውቅም፤ እሱም አያውቃትም። አሰላ ያደገችው የኮምፒውተር ባለሙያ ሳምራዊት ፍቅሩ የታክሲ መጥሪያውን ራይድን የፈጠረችው ከዚህ ችግር ተነስታ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተናግራለች፤ ምሽት ላይ ታክሲ ማግኘትም፣ ያገኙትን ማመንም፣ ዋጋውን መቋቋምም ከባድ ነበር። ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለው ድርጅቷ ሥራውን የጀመረው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው፤ መተግበሪያው የመጣው በኋላ ነው። ከዚያም ዛይራይድ፣ ፈረስና ታክሲዬን የመሳሰሉ ተከተሉ። ሕዝቡ ሁሉንም በአንድ ላይ ሜትር ታክሲ ይላቸዋል።

እዚህ ላይ የውጭውን አሠራር እንዳለ ከመገልበጥ ያዳነ አንድ ብልሃት አለ። የራይድ ደንበኛ 8294 ደውሎ ለስልክ አስተናጋጇ «ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ቢጫው ግንብ ጋ» ብሎ መኪና ማዘዝ ይችላል። ስማርት ስልክ አይጠየቅም፣ ኢንተርኔት አይጠየቅም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይሠራበት ከተማ፣ ካርታ ላይ ነጥብ ከመትከል ይልቅ ምልክት መናገር ይቀላል። ኢንዶኔዢያ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ዛሬ ግዙፍ የሆነው ጎጄክ እ.ኤ.አ. በ2010 ጃካርታ ላይ ሲጀምር ሃያ የሞተር ብስክሌት ሾፌሮችና አንድ የስልክ ጥሪ ማዕከል ብቻ ነበረው፤ መተግበሪያውን ያወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2015 ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ የቀደመው ሰው የሚያውቀው ልማድ ነው፤ ቴክኖሎጂው ከኋላ ገባ።

መተግበሪያው ሲገባ ምን ተለወጠ? ለተሳፋሪው ዋጋው ከመሄዱ በፊት ታወቀ። የሾፌሩ ስም፣ ፎቶና ታርጋ ስልኩ ላይ ወጣ፤ ቤተሰብ ጉዞውን መከታተል ቻለ። «ደርሻለሁ» የሚለው ውሸት ሞተ፤ መኪናው ካርታው ላይ ይታያልና። በተለይ ለሴቶች የምሽት ጉዞ ተቃለለ፤ ራይድም ሴት ሾፌሮችን ለማበረታታት የምዝገባ ክፍያ ያነሳበት ጊዜ ነበር። ለሾፌሩ ደግሞ የተራ ሰልፍ ቀረለት፤ ቆሞ ከመጠበቅ የትም ሆኖ ጥሪ መቀበል ቻለ። ብዙ ወጣት ተበድሮም ሆነ ቤተሰብ አዋጥቶለት ቪትዝ ገዝቶ ሥራ ጀመረ።

የተሰወረው ነገር ግን በጊዜ ተገለጠ። ጥሪው ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነውን ስሌት ሾፌሩ አያውቀውም። ከየጉዞው የሚቆረጠው ኮሚሽን ስንት እንደሆነ የሚወሰነው እሱ በሌለበት ነው። ተሳፋሪ የሚሰጠው ኮከብ ዝቅ ሲል ጥሪው ይሳሳል፤ አልፎ አልፎም አገልግሎቱ ይዘጋበታል። ሾፌሩም በተራው ማምለጫ ፈጠረ፤ ጥሪ ሲደርሰው ደውሎ «ወዴት ነህ ወንድሜ? ስንት አሳየህ?» ይላል፤ መንገዱ ካልጣመው ተሳፋሪውን ራሱ ይሰርዘው ዘንድ ይማጸናል። ድርድሩ አልጠፋም፤ ከመንገድ ዳር ወደ ስልክ ተዛወረ።

ሌላው ድክመት ሰኔ 2012 ዓ.ም. ላይ በግልጽ ታየ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። መተግበሪያ ላይ የተመሠረተ ሥራ ተሰናከለ። መነሻው ላይ ቆሞ የሚጠራ ተራ አስከባሪ ግን ኢንተርኔት አልፈለገም፤ ሚኒባሱም ባጃጁም መንገዱ በተከፈተበት ሰዓት ሁሉ ሠራ። ከአንድ ሽቦ ጋር የታሰረ ሥርዓት ሽቦው ሲቆረጥ አብሮ ይወድቃል።

መተግበሪያ መጨናነቅን ይቀንሳል የሚለው ተስፋም ቢሆን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ኡበርና ሊፍት በተወለዱባት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ2010 እስከ 2016 በሥራ ቀናት በመጨናነቅ የሚባክነው የተሽከርካሪ ሰዓት 62 በመቶ ጨምሯል፤ እነዚህ አገልግሎቶች ባይኖሩ ኖሮ ጭማሪው 22 በመቶ ይሆን ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥሪ ፍለጋ ባዶውን የሚዞር መኪና መንገድ ይይዛል፤ በእግሩ ወይም በአውቶቡስ ይሄድ የነበረ ሰውም መኪና ይጠራል። ለአንድ ሰው ሲታሰብ፣ አንድ ተሳፋሪ የጫነ ቪትዝ ሦስት አራት ሰው ከጫነ ባጃጅ ወይም አሥራ ሁለት ሰው ከያዘ ሚኒባስ የበለጠ ቦታ ይፈጃል።

ባቱ የደረሰው መተግበሪያ

ስለ ዲጂታል ትራንስፖርት ሲነሳ የሁሉም ዓይን ታክሲ መጥሪያው ላይ ነው። የባቱ ባጃጅ ሾፌር ሕይወት ውስጥ በኃይል የገባው መተግበሪያ ግን ሌላ ነው፤ የነዳጅ መክፈያው።

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ያስጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ለሁሉም ከመስጠት ይልቅ ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻዎች ብቻ ማድረግ ሲጀምር፣ ድጎማው የሚደርሰው በቴሌብር በኩል ሆነ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በጥሬ ብር መግዛት ቀረ። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ቀድሞ ስልኩን ለመደወል ብቻ ይጠቀምበት የነበረ ሾፌር የዲጂታል ክፍያ ተጠቃሚ ሆነ። ማስታወቂያ አላሳመነውም፤ ቤንዚን አስገደደው።

ማደያ ላይ ያለውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው ባጃጁን በእግራቸው እየገፉ ይጠጋሉ። ተራው የደረሰው ስልኩን አውጥቶ የክፍያውን ገጽ ይከፍታል፣ የታርጋ ቁጥሩንና የብሩን መጠን ያስገባል፣ ጥላ ፈልጎ ስክሪኑን በእጁ ከልሎ የምስጢር ቁጥሩን ይነካል። ቀጂው የማረጋገጫው መልእክት እስኪደርሰው ቧንቧውን አያነሳም። መልእክቱ ቶሎ ከመጣ ሁሉም በደቂቃ ያልቃል። «ኔትወርክ የለም» ከተባለ ግን ሰልፉ በሙሉ ቆሞ ወደ ስልኩ ያያል፤ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ይነፋል፣ አንዱ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ሌላው ቀሪ ሂሳቡ ስላልበቃው ከጓደኛው እንዲላክለት ይለምናል። ቀኑን ለሰው ሊሠራ የወጣ ሾፌር ግማሹን እዚህ ያሳልፈዋል።

ሰልፉ የሰለቸው ወይም ቤንዚን አልቋል የተባለው መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ይገዛል። ያ ሽያጭ የትም አይመዘገብም፤ ዋጋውም ከማደያው እጅግ የራቀ ነው። ስለዚህ የመንግሥት ኮምፒውተር የሚያውቀው የባጃጁን ግማሽ ሕይወት ነው። ተሳፋሪው ኮንትራት ሲጠይቅ «ቤንዚን እኮ የለም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ሂሳብ ነው። በኪሎ ሜትር የተቆረጠ ዋጋ ይዞ የሚመጣ መተግበሪያ የሚያሰላው በማደያ ዋጋ ነው፤ በሃይላንድ የተገዛውን ሊትር አያይም። አዲስ አበባ ላይ ሾፌሩ ደውሎ «ስንት አሳየህ?» የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ለውጥ አለ፤ መዝገብ ተፈጠረ። ባጃጅ ነጂው በየቀኑ ስንት ብር ነዳጅ እንደቀዳ ከስልኩ ላይ ይታያል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር ያስጀመረው ቴሌብር መላ የተባለው የብድር አገልግሎት ሰው የሚበደረውን መጠን የሚወስነው በገንዘብ እንቅስቃሴው ነው። ቤት ወይም መኪና የሚያስይዝ ሀብት ለሌለው ሾፌር መዝገቡ ራሱ መያዣ ይሆነዋል ማለት ነው።

መዝገብ ግን ሁለት ስለት አለው። ብዙ ሾፌር የሚነዳው የሰው ባጃጅ ነው፤ ለባለንብረቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው የእሱ ነው። ጥሩ ቀን ከሆነ ሾፌሩ ያተርፋል፣ መጥፎ ቀን ከሆነ ይከስራል፤ ባለንብረቱ ግን ስንት እንደተሠራ በትክክል አያውቅም። በመተግበሪያ የሚሠራ ባጃጅ እያንዳንዱን ጉዞ ይቆጥራል። ባለንብረቱ «ትናንት ይህን ያህል ሠርተሃል፣ ገቢው ይጨመር» ማለት ይችላል። የግብር ሰብሳቢውም ዓይን እዚያው ላይ ያርፋል። ያለ መዝገብ መሥራት ለሾፌሩ ድህነት ብቻ ሳይሆን መጠለያም ነበር።

ዳሬሰላምና ቤንጋሉሩ

ባቱ ላይ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ስሙን ያገኘው ፑኔ ከተማ ላይ ከተቀመጠው የህንድ ፋብሪካ ነው። ያው ተሽከርካሪ ታንዛኒያ ውስጥ ባጃጂ፣ ህንድ ውስጥ ኦቶ ይባላል። በሁለቱም አገር መተግበሪያ ገብቶበታል፤ ሁለቱም የተለያየ ነገር አይተዋል።

ዳሬሰላም ላይ ኡበር ባጃጂዎችን ጨምሮ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቶ፣ የታንዛኒያ የየብስ ትራንስፖርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩባንያዎች ከሾፌር የሚቆርጡት ኮሚሽን ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ኡበር በዚህ ዋጋ አያዋጣኝም ብሎ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። ጣሪያው ወደ 25 በመቶ ከፍ ሲል ጥር 2015 ዓ.ም. ተመለሰ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው፣ ኮሚሽን ተፈጥሯዊ ሕግ አይደለም፤ መንግሥት ሊደራደርበት የሚችል ቁጥር ነው። ሁለተኛው፣ ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ ይችላል፤ ሾፌሩ ግን የትም አይሄድም። አንዲት አገር በሙሉ ተደራድራ ይህን ያህል ካስቸገራት፣ አንድ የከተማ ጽሕፈት ቤት ብቻውን ምን ያህል አቅም እንደሚኖረው መገመት አያዳግትም።

ቤንጋሉሩ ሌላ መንገድ ሄደች። በትልልቅ ኩባንያዎች ኮሚሽን የተማረሩ የኦቶ ሾፌሮች ማኅበር ጀስፔይ ከተባለ የሶፍትዌር ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ናማ ያትሪ የሚባል የራሱን መተግበሪያ አወጣ። ከጉዞ ላይ ኮሚሽን አይቆረጥም፤ ተሳፋሪው የሚከፍለው በቀጥታ ለሾፌሩ ነው። ቆይቶ ለሥራ ማስኬጃ በቀን 25 ሩፒ ያህል መዋጮ ተጀመረ። ይህን የሚከፍል ሾፌር ብዙ ሠራም ጥቂት መዋጮው አንድ ነው፤ ስለዚህ መተግበሪያው ከላቡ ላይ ድርሻ አይወስድም። ኮዱም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሌላ ከተማ ወስዶ ሊሠራበት ይችላል።

ልዩነቱ ቴክኒክ አይደለም። ሁለቱም ቦታ ላይ ስልክ አለ፣ ካርታ አለ፣ ባጃጅ አለ። አንዱ ጋ ተራ አስከባሪው የሩቅ ኩባንያ ነው፤ ሌላው ጋ ደግሞ ሾፌሮቹ ራሳቸው ሕጉ ሲጻፍ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

ባቱን ምን ያዋጣታል?

ባቱ አዲስ አበባ አይደለችም፤ እንደ አዲስ አበባም አትጓዝም። አብዛኛው የከተማዋ ጉዞ አጭር ነው፣ በጋራ ነው፣ በቋሚ መስመር ነው። ሐይቁ ዳር ያለው የአበባ እርሻ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞችን ጠዋት ይቀበላል፣ ማታ ይለቃል፤ ይህን ፍሰት በአንድ ጥሪ አንድ ሰው የሚወስድ መተግበሪያ አይሸከመውም፤ ሰው በጋራ የሚጭን መስመር ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ለጋራ ጉዞው ተራና ታሪፍ ይበቃሉ። እነሱን አፍርሶ በመተግበሪያ መተካት ሠራተኛዋን ከምትችለው ዋጋ በላይ ያስከፍላታል።

መተግበሪያ የሚጠቅመው ተራው በማይደርስበት ቦታ ነው። አንደኛው ሌሊት ነው፤ ምጥ፣ ሕመም፣ ከሩቅ የመጣ አውቶቡስ ያወረደው መንገደኛ። ሁለተኛው እንግዳ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሚመጣ ሰው ከተማዋን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚገባው ፈልጎ ነው። ለኅዳር ጽዮን ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት፣ ወደ ደብረ ጽዮን ገዳም የሚሄድ ምእመን፣ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ሊበላ የመጣ ቤተሰብ፣ ወፍ ሊያይ የመጣ የውጭ አገር ሰው የከተማዋን ታሪፍ አያውቅም፤ ኮንትራት ሲጠራበት የሚገባበት ሥጋት እንደ አዲስ አበባው ነው። የእምነት ጥያቄ ለባቱ ልጅ ርካሽ ነው ብለን ነበር፤ ለእንግዳ ግን ውድ ነው። መተግበሪያው ዋጋ ያለው እዚህ ነው።

ይህን ለመሥራት ብዙ ውስብስብ ነገር አያስፈልግም። በተራ ስልክ የሚደወልበት አጭር ቁጥር፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ የሚናገር አስተናጋጅ፣ የተመዘገቡ የሌሊት ሾፌሮች ዝርዝር፣ በመናኸሪያውና በሆቴሎች በር ላይ የተለጠፈ የኮንትራት ታሪፍ፣ ክፍያ በቴሌብር። ራይድና ጎጄክ የጀመሩት ከዚህ በማይበልጥ ነገር ነው። ዋናውን ሥራ፣ አባላትን ማወቅን፣ መስመር መመደብን፣ ጥፋተኛን መቅጣትን፣ የባጃጅ ማኅበራቱ ድሮም ይሠሩታል።

ከውጭ የሚመጣ ኩባንያም ቢሆን በሩ መዘጋት የለበትም፤ ካፒታልና ልምድ ይዞ ይመጣል። ከመግባቱ በፊት ግን ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል። የመጀመሪያው ኮሚሽኑ ነው፦ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ በምን ያህል ጊዜ ማስታወቂያ እንደሚለወጥ፣ ማኅበሩ ሳይስማማ መጨመር እንደማይቻል። ሁለተኛው መዝገቡ ነው፦ ሾፌሩ የሠራቸውን ጉዞዎችና ያገኘውን ኮከብ ይዞ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ባንክ መሄድ መቻል አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተሰበሰበውን መረጃ የማወቅ መብት ሰጥቶታል፤ የባጃጅ ሾፌርም ሰው ነው። ባለንብረቱና ሌሎች ወገኖች ከዚያ መዝገብ ምን ያህሉን እንደሚያዩም አብሮ ይወሰን። ሦስተኛው ይግባኝ ነው፦ ሥራ የተዘጋበት ሾፌር ምክንያቱን በቋንቋው የሚነግረውና ሊሰማው የሚችል ሰው ባቱ ውስጥ፣ በአካል መኖር አለበት። ከሰው ተራ አስከባሪ ጋር ቢያንስ መጣላት ይቻላል፣ ሽማግሌ መላክም ይቻላል። ከተዘጋ ስክሪን ጋር ግን ሽምግልና የለም።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ዛሬ ነው። አሁን አባላቱም፣ መስመሩም፣ የተሳፋሪው ልማድም በማኅበራቱ እጅ ናቸው፤ ወደ ድርድር የሚገባ ሁሉ እነሱን ማነጋገር ግድ ይለዋል። ተሳፋሪው አንዴ አስፋልት ዳር መቆሙን ትቶ ስልኩን መነካካት ከለመደ ግን የመደራደር አቅሙ ስልኩን ወደያዘው ወገን ያልፋል። ዳሬሰላም ኩባንያው ከገባ በኋላ ተደራደረች፤ ቤንጋሉሩም የኦቶ ሾፌሮቿ የራሳቸውን መተግበሪያ ያወጡት ዓመታት ከተማረሩ በኋላ ነው። ባቱ ከሁለቱ የምትሻልበት አንድ ነገር አላት፤ ገና አልተቀደመችም።